የተዋስኩት ደረት

ሳይጎን፣ ሴፕቴምበር 9፣ 2003

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ዛሬ ነው። ባለጀልባው ዱክ ኪሱ ውስጥ ይዞት ከርሞ መሰለኝ ወረቀቱ ዓሣ ዓሣ ይላል። ቢሆንም ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

አዎ አባባ፣ እዚህ መጥተው ራጅ ያነሳሁዎት ቀን ፊቴ ተለውጦ ነበር። ደክሞኝ ነው ያልኩዎት ውሸቴን ነው። በቀን ስልሳ ሰው ደረቱን መሣሪያው ላይ አስጠግቼ «ትንፋሽ ሳብ፣ ያዝ፣ ልቀቅ» ስል እውላለሁ። እርስዎን «ይያዙ» ስል ግን የራሴም ትንፋሽ አብሮ ተያዘ። ፊልሙ ሲወጣ በቀኝ ሳንባዎ ላይኛው በኩል አንዲት ነጭ ነገር አየሁ። ሳትፈነካከት አንድ ፍሬ ብቻ ሆና የምትወጣው፣ እርስዎ «ብቸኛዋ» የሚሏት ነጭ ሽንኩርት አለች አይደል? ከእሷ ታንሳለች።

የክፍላችን ኃላፊ ዶክተር ባክ አይተውታል። ያሉኝን እንዳለ ልንገርዎት። ነጯ ነገር የድሮ ሕመም ጠባሳ ልትሆን ትችላለች፤ ካንሰርም ልትሆን ትችላለች። በአንድ ፊልም ብቻ አይለይም። የድሮ ፊልም ካለ ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ሰቅለን እናያለን። ድሮም እዚያው ከነበረችና ካላደገች ጠባሳ ናት፣ እንተዋታለን። ድሮ ካልነበረች ቶሎ መቆረጥ አለባት። በጊዜ ከተደረሰባት ሰው ይድናል፤ ከዘገየ ግን ማንም ምንም ማድረግ አይችልም።

እማዬ በሕይወት ሳለች አልጋው ሥር ያለውን ሳጥን እንዳልነካ ትከለክለኝ ነበር። «የአባትሽ ራጅ አለበት፣ ይጫጫራል» ትል ነበር። ያንን ራጅ በሁለት ካርቶን መሃል አድርገው ይላኩልኝ።

ልጅዎ ንጋን


ሊ ሶን ደሴት፣ ስምንተኛው ጨረቃ በገባ በሃያ ሁለተኛው ቀን

ልጄ ንጋን፣

እኔም ደህና ነኝ፤ ጣራውም ደህና ነው። ከባሕሩ ዳር አሸዋ እያመላለስኩ የነጭ ሽንኩርቱ መደብ ላይ አነጥፋለሁ። ዘንድሮ ሽንኩርቱን ቀደም አድርጌ ልተክል ነው።

በቀበሌው ስልክ ደውለሽ ነበር አሉኝ። ሁለተኛ እንዳትደውዪ። ስልኩ ያለው ጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ጆሮውን ያቆማል። አምና የጎረቤታችን ልጅ ደውሎ «ሚስቴን ልፈታ ነው» ሲል ደሴቱ በሙሉ ከእናቱ እኩል ነው የሰማው። የምትዪው ካለሽ ጻፊልኝ።

ሲጋራውን፣ እዚያ ሳለሁ እንዳልሽኝ ቀንሻለሁ። ከስንት ወደ ስንት ብለሽ ግን አትጠይቂኝ። ሳሉም ይመጣል፣ ይሄዳል።

ስለ ራጁ፣ እናትሽ ሳጥኑ ውስጥ ምን ምን እንዳስቀመጠች አላውቅም። የስንት ዓመት ነገር ነው፤ እርጥበት ነው፣ አይጥም በልቶት ይሆናል። ባይገኝ ምን ያደርጋሉ? እሱን ጻፊልኝ።

እማማ ሎይ ሰላም ብላሻለች። ትናንት ውኃ ቀዳሁላት። ልጇ ኪየም ከጦርነት ሳይመለስ ከቀረ ይኸው ሃያ አራት ዓመት፣ በዓል በመጣ ቁጥር ግን ዛሬም ሳህኑን ታቀርብለታለች። የመቃብሩን ሣር እኔ አነሳለታለሁ፤ እሷ ዘንድሮ ጉልበቷ ደክሟል።

አባትሽ ትሮንግ


ሳይጎን፣ ሴፕቴምበር 30፣ 2003

ይድረስ ለአባባ፣

ሰላምታዬ ይቅደም። ሳልቆጣ እንድጽፍ ብዬ ሦስት ቀን ቆየሁ፤ ለዚህ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ባይገኝማ፣ እዚህ ድረስ ይመጡና ሲቲ ስካን ይነሳሉ። ሳንባውን እንደተቆረሰ ዳቦ ቁራጭ ቁራጭ አድርጎ የሚያሳይ ራጅ ነው፤ አያምም። ቀጥሎ በጎድንዎ መሃል መርፌ ያስገቡና ከነጯ ነገር ትንሽ ይወስዳሉ። ካንሰር ከሆነ ደረትዎን ከፍተው ያወጡታል። ኖቬምበር ካለፈ ማዕበሉ ጀልባ እንደማያስወጣ እኔም የደሴት ልጅ ነኝና አውቃለሁ። ስለዚህ ከአይጡ የተረፈውን ይላኩልኝ። አይጥ ራጅ አይበላም፤ ይህ ሥራዬ ነው።

እዚህ ሰዉ ለበሽተኛው አይነግርም። ልጆቹ ዶክተሩን ጥግ ይዘው «እባክዎ ለአባታችን እንዳይነግሩብን» ይላሉ። አባትየውም ነገሩ ገብቶት ዝም ይላል። ሁሉም እየተሳሳቁ አውቶቡስ ይሳፈራሉ። እኔ እንደዚያ አላደርግም አባባ። በእኔና በእርስዎ መሃል የተደበቀ ነገር እንዲኖር አልፈልግም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ?

አብራኝ ትኖር የነበረችው ልጅ አግብታ ሄደች። ክፍሉ ሰፋብኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ደረት ሳይ እውልና ማታ እራቴን ከግድግዳው ጋር እበላለሁ። እርስዎም እዚያ ከባሕሩ ጋር እንደሚበሉ አውቃለሁ።

ንጋን


ሊ ሶን፣ ዘጠነኛው ጨረቃ በገባ በአሥራ አምስተኛው ቀን

ንጋን፣

ይኸው ራጁ። ዱክ ሳ ኪ ወደብ ላይ ለአውቶቡሱ ሾፌር ይሰጠዋል፤ ከሾፌሩ እጅ ተቀበዪ። ስሜ ጥጉ ላይ አለ። የተነሳው በ1978 ነው።

ሌላ ነገር አትጠይቂኝ። ሥራሽን ስትጨርሺ መልሺልኝ፣ እንዳይታጠፍ። ሽንኩርቱ ተተክሏል፤ ነፋሱም ተነስቷል።

አባትሽ


ሳይጎን፣ ኦክቶበር 24፣ 2003

አባባ፣

ይህን የሚያነቡት ቆመው ከሆነ ቁጭ ይበሉ።

ሁለቱን ፊልሞች መብራቱ ላይ ጎን ለጎን ሰቀልኳቸው። ከመቸኮሌ የተነሳ የድሮውን መጀመሪያ ገልብጬ ነው የሰቀልኩት። አስተካክዬ ሳየው ነጯ ነገር እዚያው ናት። በቀኝ፣ ላይኛው በኩል፣ መጠኗም ያው። ዶክተር ባክን ከሰልፈኛው መሃል ጎትቼ አመጣኋቸው። አንዴ ይህን፣ አንዴ ያን አዩና «ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ያላደገች ነገር ካንሰር አይደለችም። ጠባሳ ናት። በዓመቱ ይምጡ» ብለው ወደ ሰልፋቸው ተመለሱ።

ለካ በወጣትነትዎ ቲቢ ይዞዎት ነበር። እንዴት አንድ ቀን እንኳ አይነግሩኝም? ቢሆንም ዛሬ አልቆጣም። ባልደረቦቼን የሩዝ ፓስታ ሾርባ ጋበዝኩ፤ እኔ ራሴ ሁለት ሳህን በላሁ። ሁለተኛውን እየበላሁ አለቀስኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ቃሪያው ነው ብላ ውኃ ሰጠችኝ።

ፊልሙ ከመዝገብዎ ጋር ሆስፒታል ይቀመጥ፤ ለከርሞም ያስፈልገናል። ሹራብ ልኬልዎታለሁ። በልኩ ካልሆነ ይንገሩኝ።

ልጅዎ


ሊ ሶን፣ አሥረኛው ጨረቃ በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን

ልጄ፣

ደስ ስላለሽ ደስ ብሎኛል። ሹራቡ ሙቀት አለው። ወገቡ ሰፋ አለኝ እንጂ ጥሩ ነው።

ያንን ራጅ ግን መልሺልኝ። መዝገብ ውስጥ ምን ያደርግልሻል? ቦታው እዚህ ነው።

ጠባሳ ያድጋል እንዴ? ለማወቅ ያህል ነው የምጠይቅሽ።

ለዘር የሚሆነውን ሽንኩርት ከምድጃው በላይ ሰቅዬዋለሁ፤ የቤቱ ወረቀት ከአያቶች መሠዊያ ሥር ነው። የእናትሽን አምባር ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ፤ እዚህ ይጠፋብኛል።

ትናንት እማማ ሎይ እጄን ይዛ «ከስተሃል አንተ» አለችኝ። «አርጅቼ ነው» አልኳት። «ኪየምም ቢኖር እኩያህ ነበር፤ እሱም ያረጅልኝ ነበር» አለች። እንስራዋን ሞልቼላት ወጣሁ።

አባትሽ


ሳይጎን፣ ኖቬምበር 20፣ 2003

አባባ፣

ጠባሳ አያድግም። ካደገ ጠባሳ አይደለም። ለምን ጠየቁኝ?

አምባሩ ደርሶኛል። ሰው እንዲህ ያለ ነገር መቼ እንደሚልክ አውቃለሁ፤ እዚህ በየቀኑ አየዋለሁ። ዱክ ለሾፌሩ ነግሮት፣ ሾፌሩ ለእኔ ነገረኝ፤ ከወደቡ እስከ ቤት ሦስት ጊዜ ያርፋሉ አሉ። መሐረብዎ ላይም ደም ታይቷል አሉ። እውነት ነው?

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ። እርስዎ አንድ የሚያውቁት ነገር አለ። እኔ የማየው ፊልሙን ብቻ ነው፤ ፊልሙ ደግሞ ደህና ነዎት ይላል። ወይ ፊልሙ ተሳስቷል ወይ እርስዎ ደብቀውኛል። እባክዎን፣ በእማዬ ይሁንብዎ፣ ይጻፉልኝ።

ንጋን


ሊ ሶን፣ አሥራ አንደኛው ጨረቃ በገባ በዘጠነኛው ቀን

ንጋን፣

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ምድጃ ውስጥ ከትቼዋለሁ። አሁን ግን ማዕበሉ ጀልባውን አስቁሞታል። ብጽፈውም የትም አይሄድ ብዬ ራሴን አታልዬ ነው የተቀመጥኩት።

ያ ደረት የእኔ አይደለም። የኪየም ነው።

በ1978 ለድንበሩ ጦርነት ወንዱ ሁሉ ሲጠራ እኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። እናትሽ አንቺን አርግዛለች። ኪየም በዚያ ዓመት ደም ሲተፋ ከርሞ፣ ወደ ዋናው ምድር ተሻግሮ ራጅ ተነስቶ ነበር። ሳንባው እንደዚያ የሆነ ሰው አይዘምትም። አንድ ቀን አሸዋው ላይ ቁጭ ብለን ስለ አንቺ ስናወራ፣ ወንድ ትሆኛለሽ ሴት እያልን ስንከራከር፣ ብድግ ብሎ ሄደና ራጁን ይዞ መጣ።

«እንካ» አለኝ።

«ምን ላድርገው?»

«ስምህን ጻፍበትና አሳያቸው። እኔ ሌላ እነሳለሁ። ይኼ ነገር እንደሆነ ከደረቴ የትም አይሄድ» ብሎ ሳቀ።

እንቢ ማለት ነበረብኝ። ተቀበልኩት። ስሙን በምላጭ ፍቄ ስሜን ጻፍኩበት። እኔ ቲቢ የሚባል ነገር ይዞኝ አያውቅም።

የጤና መርማሪዎቹ ራጁን አይተው ወደ ቤቴ ሰደዱኝ። የእሱ ተራ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደረሰ። ሌላ ሊነሳ ሄዶ ፊልም አልቋል አሉት፤ መቼ እንደሚመጣም አይታወቅም። ያን ጊዜ የማያልቅ ነገር አልነበረም። ጀርባውን አዳመጡና ጤነኛ ነህ አሉት። «ራጄ ጓደኛዬ ዘንድ ነው» ቢል ኖሮ እሱ ይቀር ነበር፣ እኔ እታሰር ነበር። አላለም። ጀልባው ላይ ወጥቶ ከሰዉ መሃል አየኝና ደረቱን በእጁ መታ መታ አደረገ።

በዓመቱ ወረቀት መጣ፤ አስከሬን አልመጣም። አካሉ ላልተገኘ ሰው እንደምናደርገው የነፋስ መቃብር ቆፈርንለት። ከጭቃ ሰው ሠራን፣ ከእንጆሪ ዛፍ እንጨት ጎድን አደረግንለት። እንጨቱን የደረደርኩት እኔ ነኝ። እማማ ሎይ አጠገቤ ቆማ «አስተካክለህ ደርድርለት፣ ትሮንግ» ትለኝ ነበር። እውነተኛው ጎድኑ እቤቴ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። እያወቅሁ እንጨቱን ደረደርኩ።

አንቺ ስትጠይቂኝ ለምን እንደላክሁት ልንገርሽ። ፈርቼ ነው ልጄ። ያ ራጅ አንድ ጊዜ አድኖኛል፣ ምናልባት ሁለተኛም ያድነኛል ብዬ ነው። አንቺ ጠባሳ ነው ብለሽ ስትጽፊልኝ እኔ ራሴ ሁለት ቀን አመንኩ። ያኔ ታማሚ ነው ብሎ ዋሸልኝ፣ አሁን ደግሞ ጤነኛ ነው ብሎ ዋሸልኝ።

ከዚያ በኋላ ዝም ብዬ ልሞት አስቤ ነበር። የኪየምን ዕድሜ ወስጄ ነው የኖርኩት፤ ይብቃኝ አልኩ። ግን የአምባሩን ነገር ስትጽፊ ያ ክፍልሽ ታየኝ፤ አንቺና ግድግዳው።

ደሙ እውነት ነው። ሦስት ሳምንት ሆኖታል።

አባትሽ


ሳይጎን፣ ዲሴምበር 21፣ 2003

አባባ፣

ደብዳቤዎ ትናንት ገባ። ማዕበሉ እዚያው ደሴቱ ላይ አቆይቶት ነው።

ሌሊቱን አልተኛሁም። ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ገብቼ ሁለቱን ፊልሞች ሰቀልኩ። በዚህ ጊዜ ነጯን ነገር በወረቀት ቁራጭ ሸፈንኩና የቀረውን አየሁ። በኪየም ደረት፣ በቀኝ በኩል፣ አራተኛው ጎድን ጫፉ ላይ እንደ ባላ ለሁለት ተከፍሏል። የእርስዎ አልተከፈለም። እንዲህ ያለ ጎድን ከሰው ጋር ተወልዶ ከሰው ጋር ይሞታል፤ በመሃል የሚገጥም ነገር አይደለም። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ያየዋል። እኔ አላየሁትም። ማየት የፈለግሁትን አይቼ ወደ ሾርባ ቤት ሮጥኩ። ሁለት ወር ያባከንኩት እኔም ነኝ።

ለዶክተር ባክ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው «እኔም አላየሁትም» አሉ። ከዚያ ስልክ አነሱ። ለጃንዋሪ አምስት ሲቲ ስካን ተይዞልዎታል። ነጯ ነገር አሁንም ልትወጣ የምትችል ይመስለኛል ብለዋል፤ ከዚህ በላይ ቃል አልሰጡኝም። ጀልባ በተነሳበት ቀን ይምጡ። ሽንኩርቱን ይተዉት።

ስለ ሌላው ምን እንደምጽፍ አላውቅም። ተናድጃለሁ። ሕፃን ሆኜ እማማ ሎይ አዝላኝ ነው ያደግኩት። «የኪየም ጓደኛ ልጅ» እያለች የዓሣውን ሆድ ለእኔ ታወጣ ነበር። እርስዎ በር ላይ ቆመው ያዩን ነበር። እንዴት ቻሉት?

ዝም ብሎ መሞት ግን ለኪየም የሚመልስለት ነገር የለም፤ ለእኔም ይህን ክፍል ብቻ ነው የሚተውልኝ። ያለ እርስዎ ማንም የለኝም። ለእማማ ሎይ መንገር አለብዎት። ይህን እኔ አልጽፍልዎትም፣ ዱክም አያደርስልዎትም፣ ራስዎ ነዎት። ለዚያ ደግሞ በሕይወት መኖር ያስፈልጋል።

ይምጡ።

ንጋን


ሊ ሶን፣ ሦስተኛው ጨረቃ በገባ በአምስተኛው ቀን

ልጄ ንጋን፣

በደህና ገብቻለሁ። ከወደቡ እስከ ቤት አራት ጊዜ አረፍኩ። ዱክ «በጎዶሎ ሳንባ ሙሉ ቦታ ይዘህ ትሳፈራለህ?» ሲለኝ መሳቅ አማረኝ፤ ስፌቱ አልፈቀደልኝም። ሽንኩርቱን ጎረቤቶች ነቅለው አድርቀውልኛል።

ነጯን ነገር ስላወጡበት ቁስል ላልሽው፣ ደርቋል። በየስድስት ወሩ ራጅ ያሉኝንም አልረሳሁም። ሌላ ቢበቅልስ እያልሽ አትጨነቂ፤ ከበቀለ አንቺ ታዪዋለሽ፣ በዚህ ጊዜ ደግሞ የራሴን ደረት ነው የምታዪው።

አሁን ወደ ጠየቅሽኝ ልመለስ። ነገርኳት።

ከትናንት ወዲያ ጠዋት የሰጠሽኝን ፊልም ከነካርቶኑ ይዤ ሄድኩ። አስቀድሜ ስሜን ፍቄ የእሱን ስም ጽፌበታለሁ። እማማ ሎይ በረንዳዋ ላይ ዓሣ ታጸዳ ነበር። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት፤ ከዓሣው ላይ ቀና አላለችም። ስጨርስ ሌላ ሁለት ዓሣ አጸዳች። ደረቴን ሲከፍቱት ቢያንስ አደንዝዘውኝ ነበር።

«አሳየኝ» አለች፣ እጇን ታጥባ።

ወደ ፀሐይ ያዝኩላት። ዓይኗ ስለደከመ ቀረብ አለች።

«ልቡ የቱ ጋ ነው?»

አሳየኋት።

«የሚያስለው የነበረውስ?»

እሱንም አሳየኋት። ቀጥሎ ጎድኑን በጣቷ ከላይ ወደ ታች ትቆጥር ጀመር። አራተኛው ላይ ቆመች። ባላ ሆኖ ነው የተፈጠረው፣ ያገኘችው ንጋን ናት አልኳት። ጣቷን ባላው መሃል አስገብታ አቆየችው።

«ሳጥበው ጣቴ እዚህ ጋ ይገባ ነበር» አለች። «ሌላ ልጅ ወልጄ አላውቅ። የሰው ሁሉ እንዲህ ይመስለኝ ነበር።»

አለቀስኩ ልጄ። እሷ አላለቀሰችም። መቃብሩን ከፍተን ከጭቃው ጎን እንቅበረው፣ ዛሬውኑ እኔ እቆፍራለሁ አልኳት።

«በዚህ ስፌትህ?» አለች። «ደግሞስ ምን ያስቸኩልሃል? አሁን ገና መግባቱ ነው። ትንሽ ይረፍ እንጂ።»

ይቅር ብዬሃለሁ አላለችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ፊልሙን ትራሷ ሥር አድርጋዋለች። እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ብቻዋን ልታየው አትችልም፤ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ እሄድና እይዝላታለሁ። ዛሬ ክንዴ ዝሎ ዝቅ ሳደርገው እጄን ከሥር ደገፍ አደረገችና «ቀና አድርገህ ያዝልኝ፣ ትሮንግ» አለችኝ።

አባትሽ